ቤት ለእምቦሳ ያልንበት እሑድ

ለተገብርኤል ከግቢያችን ወጥታ ካዛንቺስ ዘጠነኛ ፎቅ የገባች ጊዜ፣ ቂርቆስ ውስጥ በእሷ ያላሳቅሁት ሰው አልነበረም። "ከእንግዲህ ለተን ሰላም ለማለት መሰላል ያስፈልገናል" አልኩ። "ዝናቡ እኛ ጋ የሚወርደው እሷን አስፈቅዶ ነው" አልኩ። ሰው ይስቃል፤ ሰው ከሳቀልኝ ደግሞ እኔ ማቆም የሚባል ነገር አላውቅም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ፣ "ሸዋአየሁ፣ አንቺ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውሽው፣ አፍሽ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል" ይለኝ ነበር።

ከለተ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ነው የኖርነው። ግድግዳ ስል፣ በቃ ኮምፔንሳቶ ነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ "ይማርሽ" እላለሁ፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እሷ ከወዲያ "ዛሬ ደግሞ የማን ሱሪ ነው?" ትለኛለች። ከአዲግራት ስትመጣ ሉሊን በጀርባዋ አዝላ ነበር። መሥሪያ ቤት ሻይ ክበብ ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች አሳደገቻት፣ አስተማረቻት። ሉሊ የውጭ ድርጅት ተቀጠረች፤ አንድ ቀን መጥታ "ማሚ፣ አፓርትመንት ገዛን" አለች። ያን ዕለት እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። ፌዙ የመጣው ዕቃው ተጭኖ ከሄደ በኋላ ነው፣ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ዝም ሲል።

ጎረቤት አዲስ ቤት ሲገባ ወጉ ይታወቃል። ተሰብስቦ፣ የአቅምን ይዞ ሄዶ "ቤት ለእምቦሳ" ይባላል፤ ባለቤቶቹም "እምቦሳ እሰሩ" ይላሉ፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ይመረቃል። እኛም አዋጥተን ፔርሙዝ ገዛን፣ አበባ የተሳለበት። እሑድ ልንሄድ፣ ዓርብ የጎረቤታችን የኩልሱም ሱቅ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ፔርሙዙን አንስቼ አገላበጥኩትና፣ "ይሄን ይዘን ስንገባ ሊፍቱ ራሱ እንቢ ይለናል" አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ሲስቅ ግን እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ፤ አይቻለሁ። ኩልሱም "እውነቷን ነው፣ ትንሽ ጨምረን የተሻለ ነገር እንግዛ" አለች። ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ከክረምት በኋላ ተባለ። ስምንት ወር ሆነ።

ለተ እድራችንን አልለቀቀችም ነበርና በየወሩ ለስብሰባ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር "መቼ ነው የምትመጡት?" ትላለች። እኔም "ፓስፖርት እያወጣን ነው" እላታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ብቻዬን ሄጃለሁ። ክር ልገዛ ወጥቼ እግሬ በዚያው ወሰደኝ። የሕንፃው በር ጋ ስደርስ መስታወቱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቆማለች፤ ጫማዋ ተንሻፏል፣ ሹራቧ ላይ ቁርጥራጭ ክር ተለጥፏል። "ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" ብዬ ነበር እኮ። ተመለስኩ። ሰፈር ስደርስ ስለ መሰላሉ አዲስ ቀልድ ጨመርኩበት።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። ሃፍቶም ነው። ሃፍቶም የለተ ወንድም የአጽብሃ ልጅ ነው፤ ተማሪ ሳለ እኛ ግቢ ሁለት ዓመት ኖሯል። ገና "እትዬ ሸዋ" ሲለኝ ገባኝ። አባቱ ሦስት ቀን ታሞ አርፏል፣ እዚያው አዲግራት ተቀብሯል። ለተ ወንድም ቢሉ፣ አባት ቢሉ፣ እሱ ብቻ ነው ያላት። "አክስቴ በስልክ እንዳትሰማ፣ ግፊት አለባት። እናንተ አላችሁ ብዬ ነው የደወልኩት" አለኝ።

ለእድራችን ሊቀ መንበር ለጋሼ ተስፋማርያም ሄጄ ነገርኩ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እኛ ሰፈር ይታወቅበታል። ሳይነጋ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ይደረሳል። ጠንከር ጠንከር ያሉ ሴቶች በግራ በቀኙ ይሆናሉ፣ ሽማግሌ ይናገራል፣ የሚወድቀው ይያዛል። ለተ ራሷ ስንት ቤት አብራን ሄዳለች። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔን ከኋላዬ አቅፋ የያዘችኝ እሷ ናት። እሷን ደግሞ እንደ ወጉ ማርዳት የእኛ ተራ ነበር፤ ሌላ ሌላው ቢያቅተንም ይሄን እናውቅበታለን ብዬ ነው ያደርኩት።

ዘጠኝ ሆነን ከቂርቆስ ወጣን። ነጠላችንን እንደ አዘቦቱ ነው የለበስነው፤ ለሐዘን ዘቅዝቀነው ብታይ ገና በሩ ላይ ታውቃለች። መንገዱ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የድሮውን የካዛንቺስ መንደር መንገድ ለምደን ስለነበር ግን ሁለት ጊዜ ተሳሳትን፤ ቤቱ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ እንደ ቀን ነው፣ የምናውቀው ሥጋ ቤት የነበረበት ቦታ አበባ ተተክሏል። ደረስን። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

ጥበቃው ዋቅቶላ የሚባል ወጣት ነው፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነስቶ ነው ያናገረን። ለማን እንደመጣን ጠየቀና አንድ ትልቅ መዝገብ ገለጠ። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ ጉዳይ ይላል። ጋሼ ተስፋማርያም ስማቸውን ጻፉ፣ ስልካቸውን ጻፉ፣ "ጉዳይ" የሚለው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። "መርዶ" ብለው ቢጽፉ ልጁ ወደ ላይ ደውሎ ይነግራታል ብለው ፈሩ።

"የግል ጉዳይ ነው" አሉት።

"ዘጠኝ ሰው ሆናችሁ?" አለ ዋቅቶላ። ክፋት አልነበረበትም፣ ገርሞት ነው። ግን ደግሞ ዓይኑ ወደ ጫማችን ወረደ፤ ወይም የወረደ መሰለኝ።

ያኔ ነው አፌ እኔን ሳይጠይቅ የተከፈተው። "ቤት ለእምቦሳ ልንል ነው፣ ጻፍ ልጄ" አልኩት።

"በዚህ ሰዓት?"

"እኛ ሰፈር እምቦሳ የሚታሰረው በጠዋት ነው።"

ዋቅቶላ ሳቀ። ከኛም ሁለቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ለመርዶ መጥተን። ጋሼ ተስፋማርያም ዞረው አዩኝ። ልጁ "ቤት ለእምቦሳ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው ዱብ ዕዳው የመጣው። እሑድ ከሁለት ሰዓት በፊት ወደ ነዋሪዎች መደወል አይፈቀድም፣ ሳይደወል ደግሞ አይገባም። ለሞት ቢሆን፣ ለእሳት ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ለቤት ለእምቦሳ ግን ሰው አይቀሰቀስም አለ፣ እያባበለ።

እዚያው መለስ ብዬ እውነቱን በጆሮው ብነግረው ያልቅ ነበር። ጋሼ ተስፋማርያም እሱን አስበው "ሸዋአየሁ፣ ልጁን ለብቻው አናግሪው" ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አሁን ዋሽቼ አሁን መገለባበጥ አፈርኩ። ደግሞ ሌላም አለ። በዚያ በሚያብረቀርቅ በር ላይ ለቅሶ ተሸክመው የመጡ የድሃ ሰፈር ሰዎች ሆኜ መታየት አልፈለግሁም። እንግዳ መሆን ነበር ያማረኝ። "ይቆይ፣ ሁለት ሰዓት እኮ ሩቅ አይደለም" አልኩ።

ከመንገዱ ማዶ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ነጋ። አንድ ሰውዬ ውሻውን እያሮጠ አለፈ፤ ውሻው ሹራብ ለብሷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ ውሻ ብቻ ሳምንት ሙሉ ሰፈሩን አሳቅ ነበር። ከኡራኤል ቅዳሴው ይሰማል። ኩልሱም ጠጋ ብላ "ሸዋዬ፣ አሁን እንዴት ነው የምንገባው?" አለችኝ። እግሬን ቀሚሴ ስር ደበቅሁ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ዋቅቶላ ጠራንና ኢንተርፎኑን ደወለ። "እማማ፣ የሰፈርዎ ሰዎች ቤት ለእምቦሳ ሊሉ መጥተዋል" አለ። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ የለተ ድምፅ ወጣ፣ "የቂርቆሶቹ? እነ ሸዋዬ? ሉሊ! ሉሊ ተነሺ፣ መጡ!"

ዘጠኛችንም ሰማነው። ሊፍቱ በሁለት ዙር አወጣን፤ ማንም ማንንም አላየም።

ለተ በሩን በርግዳ፣ የሌሊት ልብሷ ላይ የበዓል ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቆማለች። ጫማችንን ልናወልቅ ስንል ተቆጣች፤ እኛ ግን አወለቅን፣ ኮሪደሩ ላይ ዘጠኝ ጥንድ ተደረደረ። ልንገባ ስንል እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋችብን። ፊቷ እንደ ልጃገረድ በርቷል።

"በሉ እንጂ" አለች። "ሳትሉ አትገቡም። ስምንት ወር ጠብቄያለሁ።"

ጋሼ ተስፋማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቤት ለእምቦሳ" አሉ።

"እምቦሳ እሰሩ!"

ኩልሱም አለች። ሌሎቹም በየተራ አሉ፣ ጸሎት ቤት እንዳለ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። "አንቺ ደግሞ ጮክ በይ፣ አፍ የለሽም እንዴ?" አለችኝ። ጮክ ብዬ አልኩት።

ጋሼ ተስፋማርያም እንደተቀመጡ ይናገራሉ ብለን ነበር። ግን ማን ይቀመጣል? ሶፋው ነጭ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ተንጠለጠልን። ሉሊ ፀጉሯን እያሰረች "ሶሪ፣ ቤቱ ተዝረክርኳል፣ አልጠበቅናችሁም" ትላለች፤ እኔ የተዝረከረከ ነገር ዙሪያውን ብፈልግ ያገኘሁት እኛን ብቻ ነው። ለተ ኩሽና ገብታ ሕምባሻ ይዛ ወጣች። ትናንት ማታ ለራሷ የጋገረችው ነው፤ "እግዜር ሊያመጣችሁ ነው ለካ አላስተኛ ያለኝ" አለች። ሻይ መጣ፣ ማር መጣ፣ እንቁላል መጣ። መርዶ ነጋሪ እህል አይቀምስም። እኛ ቀመስን። እንቢ ብንል ምን እንላታለን?

ከዚያ እጄን ይዛ ተነሳች። ቤቱን ልታሳየኝ። መኝታ ቤቱን፣ ሙቅ ውሃውን፣ ልብስ የሚያጥበውን መኪና። መጨረሻ ላይ በረንዳው ላይ አወጣችኝ። ከተማው ከስር ተዘርግቷል። ጣቷን ቀሰረች፤ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል፣ ከሱ ወዲህ የቆርቆሮ ጣሪያ ክምር።

"ሰማያዊ ሸራ ይታይሻል? ድንጋይ የተጫነበት? ያንቺ ነው" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥቼ እሱን አያለሁ። ባለፈው ንፋስ ሲገልበው ልደውልልሽ ብዬ፣ 'ከላይ ሆና ጣሪያዬን ትቆጣጠራለች' ብለሽ ታስቂብኛለሽ ብዬ ተውኩት።"

እንዳለችው እል ነበር። ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ስንመለስ አንዲት ሌላ ወጣት ሴት ሳህን ይዛ ቆማለች። ለተ ፊት ለፊት ካለው ቤት ሉሊን ልካ ያስጠራቻት ጎረቤት ናት፣ ዮርዲ። ስምንት ወር ሊፍት ውስጥ "ሰላም" ተባብለው ነው የሚያልፉት እንጂ አንዷ የአንዷን ደጅ ረግጣ አታውቅም። "ሰው የላትም ብለሽ ይሆናል" አለቻት ለተ። "ይኸውልሽ፣ ሰዎቼ እነዚህ ናቸው።" ዮርዲ አንድ በአንድ ጨበጠችን። ኩልሱምን እንባዋ ያን ጊዜ ነው ያመለጣት። ለተ "ምን ሆነሽ?" ስትላት፣ ኩልሱም "ደስ ብሎኝ ነው" አለች። ለተ ሳቀች፣ እኔን እያየች፣ "ኩልሱምን ያስለቀስሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ፓስፖርቱ ዘገየ" አለች። ዮርዲ ሳይገባት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልማድ ነው፤ ፊቴ ብቻውን ነው የሳቀው።

ጋሼ ተስፋማርያም ያን ጊዜ ተነሱ። አሁን ሊናገሩ ነው ብዬ ወደ ለተ ተጠጋሁ። ሁለት ሴቶችም ከኋላዋ ሄደው ቆሙ። ለተ ግን የተነሱት ሊመርቁ መስሏት እጇን ዘረጋች፣ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ያንን የተደፋ አንገት አይተው አቃታቸው። "ቤቱን የደስታ ያድርግልሽ። ክፉ አይግባበት" አሉ፤ ተቀመጡ። አሜን አልን።

"ቆይ፣ ለአጽብሃ ልደውልለት" አለች ለተ። ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች። "በደወለ ቁጥር 'ጎረቤቶችሽ መጡ ወይ?' ነው የሚለኝ። 'ይመጣሉ' እያልኩ እሸነግለዋለሁ። ዛሬ ራሳችሁ ታናግሩታላችሁ።"

እጄን ስልኩ ላይ አደረግሁ።

"ተይው፣ ለተ።"

"ምነው?"

እጄን አየችው። ጋሼ ተስፋማርያምን አየች፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ጨምቀው ይዘውታል። ዞር ስትል ከኋላዋ የቆሙትን ሁለት ሴቶች አየች። ያ አቋቋም እሷም ስንት ቤት የቆመችው ነው። ሉሊ ከኩሽና ትሪ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቀረች።

"ሸዋዬ" አለችኝ፣ "ጥበቃው ጋ የደረሳችሁት ስንት ሰዓት ነው?"

ሁለት ሰዓት ልላት እችል ነበር።

"አስራ አንድ ተኩል" አልኳት።

"ሓወይ?" አለች በትግርኛ፣ ወንድሜ ነው? ማለቷ ነው። ከቋንቋዋ ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ በኮምፔንሳቶው ውስጥ በስልክ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቻታለሁ። ራሴን ነቀነቅሁ።

የሚቀረውን እናውቅበታለን። ያዝናት። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ሉሊን ኩልሱም ያዘች። የሕንፃው ግድግዳ ወፍራም ነው ሲሉ እሰማ ነበር፣ ግን ለቅሶ አያቆምም፤ ጥቂት ቆይቶ ኢንተርፎኑ ጮኸ፣ ነዋሪ ረብሻ ነው ብሎ አመልክቷል። ዮርዲ ናት ያነሳችው። ሳህኗን እንደያዘች "ሰው ሞቶብን ነው" አለች።

ዋቅቶላ ራሱ ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆመ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣና በጆሮዬ፣ "እናቴ፣ መርዶ ነው ብትሉኝ እኮ በአስራ አንድ ተኩል ራሴ ይዣችሁ እወጣ ነበር። እኔስ አገር ቤት ሰው የለኝም?" አለኝ። ልጄ የሚሆን ነው። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እዚያ ሕንፃ ድንኳን አይተከልም። ለተም "ወደ ግቢዬ ውሰዱኝ" ስላለች፣ ለቅሶው ቂርቆስ ሆነ። ሦስት ቀን ሰው ሲመጣ ሲሄድ፣ እኔ ሻይ ሳቀርብ፣ ወንበር ሳቀብል፣ እሷን ላለማየት ስሮጥ ዋልኩ። ሰው "ሸዋአየሁ እንዴት ታታሪ ናት" አለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ድንኳኑ ጭር ሲል፣ ፍራሹ ላይ አጠገቧ እንድቀመጥ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

"አጽብሃ ባይሞት ትመጪ ነበር?" አለችኝ።

አንድ ቀልድ እስከ ምላሴ ጫፍ መጣ፤ ዋጥኩት። "አልመጣም ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ የምታውቀውን እንደነገርኳት ሁሉ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ሕምባሻውን ስትበሉልኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። "አሁን ግን ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚመጣብኝ። ወንድሜ መሬት ውስጥ ሆኖ እኔ ስስቅ። ያንን ሳቅ ምን ላድርገው ሸዋዬ?"

አጥፍቻለሁ ልላት አፌን ስከፍት፣ ከድንኳኑ በር የሰው እግር ተሰማ። ከሻይ ክበብ የድሮ የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፣ ከሩቅ ነው የመጡት፣ ገና ከበሩ ማልቀስ ጀምረዋል።

"ሰው መጣ" አለች ለተ። "ተነሺ፣ ቦታ ልቀቂላቸው።"

ተነሳሁ።